ቁጥር አራት በርዎ ላይ ቆሞ ነበር

ለክቡር የኮሌጁ ሬጅስትራር
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ ክቡርነትዎን በሙሉ ጤና፣ በመስኮትዎ አጠገብ ፀሐይ ከሚያገኘው ወንበርዎ ላይ፣ ቤተሰብዎም ደኅና፣ የቢሮዎ ማኅተምም ቀለም ሳይጎድለው እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። የእኔን ጤንነት ለማወቅ ቢፈቅዱ፣ አምላክ ይመስገን፣ እግሬ ጥቂት ከማበጡ በቀር ደኅና ነኝ፤ እሱም የመቆም ነውና ሲቀመጡ ይተዋል ይላሉ።

ለመሆኑ ተጠባባቂ የሚባል ሰው ገብቷል ወይስ አልገባም? ዘንድሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ወስዶ ከኮሌጅ መልስ ሲጠብቅ የከረመ ሁሉ፣ እናቱም አባቱም፣ ይህን ሳይጠይቁ የቀሩ አይመስለኝም። አባቴ መሪጌታ ወልደተንሣኤ አንኮበር ላይ የክቡርነትዎን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አንብበው ሲያበቁ መነጽራቸውን አወለቁና፣ «እና አለፍህ ነው ወይስ ወደቅህ?» አሉኝ። አላለፍሁም፣ አልወደቅሁምም አልኋቸው። «ታዲያ የት ነህ?» አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ ለዚህች አጭር ጥያቄ መልስ ፍለጋ ይኸው ሁለት ወር አለፈኝ፤ መልሱ ያለው እርስዎ ዘንድ መሆኑን ስላወቅሁ በግሌ ሦስት ደብዳቤ ጻፍሁልዎ፣ ለሦስቱም በዝምታ መለሱልኝ። ዝምታዎ እንዳይባክን በማሰብ አራተኛውን በጋዜጣ አደረግሁት።

የኮሌጁን ስም አልጻፍሁም። ይህን ያደረግሁት ከክፋት እንዳይቆጠርብኝ፤ ክቡርነትዎ እኔን በስሜ ሳይሆን በቁጥር መጥራት ስለ መረጡ እኔም በተማርሁት መሠረት አደረግሁ። ኮሌጁ ራሱን ያውቃል። እኔም ቁጥር አራት ነኝ።

አቤቱታዬን በተራ በተራ አቀርባለሁ፤ የተራን ነገር ክቡርነትዎ እንደሚያከብሩ አውቃለሁና።

አንደኛ። ነሐሴ አምስት ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም. የተጻፈልኝ ደብዳቤ በጥሩ ወረቀት፣ በጥሩ የጽሕፈት መኪና የተመታ ስለሆነ ከልብ አመሰግናለሁ። ደብዳቤው በተጠባባቂዎች ዝርዝር በቁጥር አራት መመዝገቤን አበሠረኝ። ከስንት ተጠባባቂዎች አራተኛ እንደሆንሁ፣ ስንት ቦታ ሊለቀቅ እንደሚችል፣ ከእኔ በፊት ያሉት ሦስቱ እነማን እንደሆኑ፣ ባለፈው ዓመት ከዚህ ዝርዝር አንድ ሰው እንኳ ገብቶ እንደሆነ አልነገረኝም። የነገረኝ ሦስት ነገር ነው። ቦታ ሲገኝ በቴሌግራም ትጠራለህ፤ ቴሌግራሙ በተላከ በሦስት ቀን ውስጥ በአካል ካልቀረብህ ቦታው ለሚቀጥለው ተጠባባቂ ይተላለፋል፤ እስከዚያው በሌላ ትምህርት ቤት የተመዘገበ ወይም ሥራ የያዘ ከዝርዝሩ ይሰረዛል። እንግዲህ ለእኔ ምንም ሳይሰጡኝ እኔ ግን ያለኝን ሁሉ እንድተው ታዘዝሁ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ውል የሚጽፍ ሰው ምን ያህል ቢማር ነው እያልሁ አደነቅሁ፤ ኮሌጅ የመግባት ፍላጎቴም ባሰብኝ።

ሁለተኛ። ክቡርነትዎ የቴሌግራም ሽቦ እስከ አንኮበር መንደራችን ድረስ እንደማይመጣ አያውቁም ብዬ አልጠረጥርም፤ ካርታ ከቢሮዎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በዓይኔ አይቻለሁ። ቴሌግራም ደብረ ብርሃን ይደርስና ከዚያ ወዲያ የገበያ ሰው እስኪገኝ ይቀመጣል። በነሐሴ ጭቃ አንድ ሰው በበቅሎ ከደብረ ብርሃን አንኮበር ሲደርስ፣ እኔ ደግሞ ተመልሼ ደብረ ብርሃን ስገባ፣ የእርስዎ ሦስት ቀን እዚያው መንገድ ላይ ያልቃል። ስለዚህ ጓዜን ጠቅልዬ ደብረ ብርሃን ወረድሁና በተማሪነቴ ከተከራየሁባቸው ከወይዘሮ ደመቀች ቤት ገባሁ። አድራሻዬም ይኸው የእሳቸው ቤት መሆኑን በአደራ ደብዳቤ አስታወቅሁ።

ከዚያ መጠበቅ ጀመርሁ። የደብረ ብርሃንን የነሐሴ ብርድ ክቡርነትዎ ቀምሰውት እንደሆነ አላውቅም፤ ሰው በቀትር ጋቢውን አጣፍቶ የሚሄድበት ከተማ ነው። ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ወደ ቴሌግራም ቤት እሄዳለሁ። የቴሌግራሙ ሠራተኛ አቶ ገብረአብ ገና ከበሩ ሲያዩኝ እጃቸውን እያወዛወዙ፣ «ዛሬም የለም! ያንተ ስም በሽቦው ቢያልፍ እኔ ገና ከሰንዳፋ ሳለ አውቀዋለሁ፤ ሂድና ሙቅ!» ይሉኛል። በሁለተኛው ሳምንት የሰፈሩ ሰው ስሜን ተወው። ወይዘሮ ደመቀች እንኳ ከጎረቤት ጋር ሲጫወቱ «ተጠባባቂው እንጀራ አልበላም ዛሬ» ሲሉ ሰማኋቸው። ለዚህ ማዕረግ ክቡርነትዎን አመሰግናለሁ፤ በሃያ ዓመቴ ሹመት ያገኘሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

በዚሁ ሰሞን ከሰላ ድንጋይ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ስለ ጎደለ፣ እንድሄድ ተጠየቅሁ። ሰላ ድንጋይ ጥሩ አገር ነው፤ ልጆቹም ሒሳብ የሚያስተምራቸው ሰው አጥተው ዓመቱን እንዳሳለፉ ተነገረኝ። ደብዳቤዎን አወጣሁና ደግሜ አነበብሁት፤ «ሥራ የያዘ ከዝርዝሩ ይሰረዛል።» አልችልም አልሁ። የጠየቁኝ ሰውዬ ደንግጠው፣ «ኮሌጅ ገብተሃል?» አሉኝ። አልገባሁም አልኋቸው። «ሌላ ሥራ አለህ?» የለኝም። «እና ምን ልትሠራ ነው?» ልጠብቅ ነው። ሰውዬው አንድ ጊዜ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና ሌላ ልጅ ላኩ። የዚያን ዕለት ያፈርሁትን ማፈር በደብዳቤ መጻፍ አልችልም።

ሦስተኛ። መስከረም ሲገባ አባቴ ሁኔታዬን ሰምተው በበቅሏቸው መጡ። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው፤ የመሪጌትነቱን ቦታ ያገኙት በጎልማሳነታቸው ሁለት ክረምት ከአንድ ትልቅ ሰው ግቢ ደጅ ጠንተው ነው። ደጅ መጥናት እንዴት ያለ ሥራ እንደሆነ ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ በየት በኩል እንደሚቆም፣ ጌታው ሲወጡ መቼ እጅ እንደሚነሣ፣ መቼ ዝም እንደሚባል ያውቃሉ። እኔ በወይዘሮ ደመቀች ቤት ተቀምጬ ወረቀት እንደምጠብቅ ሲያዩ አዘኑ፤ ተቆጡም።

«ይኼ መጠበቅ ነው?» አሉኝ። «ፊትህን ያላየ ሰው ስምህን በምን ያስታውሰዋል? እኔ ሁለት ዓመት ስቆም በሦስተኛው ወር ጌታው ስሜን ጠይቀዋል። በስድስተኛው ወር ከገበታቸው ፍርፋሪ ልከውልኛል። እዚያ መሆኔን ያውቁ ነበር እኮ! ያንተዎቹ መኖርህን ያውቃሉ?»

ቁጥሬን ያውቃሉ አልኋቸው። እንዲህ ያለ መልስ ከልጃቸው አልጠበቁም፤ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ተነሥ፣ ሂድና በራቸው ላይ ቁም» አሉኝ።

እኔም አመንኋቸው። ክቡር ሆይ፣ ከዚህ ሁሉ አቤቱታ ውስጥ ጥፋት የተባለ ነገር በእኔ በኩል ካለ ይህ ነው፤ የምጠብቀው ሰው በር ላይ ከሆንሁ ይበልጥ ቅርብ የሆንሁ መስሎኝ ነበር።

መስከረም አሥራ ሁለት ቀን፣ ሰኞ፣ ከኮሌጁ በር ደረስሁ። ማደሪያዬ አዲስ አበባ የአክስቴ ልጅ ቤት ነው፤ ቀን ቀን ግን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ከበሩ በስተግራ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ነኝ። ብቻዬን አልነበርሁም፤ ደብረ ብርሃን አብሮኝ የተማረ አብዱልሀሚድ የሚባል የአልዩ አምባ ነጋዴ ልጅም እንደ እኔ ተጠባባቂ ኖሮ፣ እዚያው አገኘሁት። እሱ ቁጥር አምስት ነበር። አራትና አምስት ጎን ለጎን ቆመን የግቢዎን አትክልት ስናደንቅ ሰነበትን።

የበሩ ዘበኛ አሥር አለቃ ኪዳነ ማርያም ሥራቸውን የሚያከብሩ ሰው ናቸው። ልግባ ባልሁ ቁጥር፣ «ቴሌግራም አለህ?» ይሉኛል። የለኝም። «ቴሌግራም የሌለው ተጠባባቂ አይገባም። ትእዛዝ ነው። በአድራሻህ ጠብቅ።» ጌታዬ፣ መግባት ባይፈቀድልኝ እዚህ መሆኔን ብቻ ይንገሩልኝ። «እዚህ መሆንህን ማን ጠየቀ?» እውነታቸውን ነው፤ ማንም አልጠየቀም። በሦስተኛው ቀን ግን ልባቸው ራርቶ አንዲት ማስታወሻ ተቀበሉኝ። በማስታወሻዬ ላይ፣ «ቁጥር አራት ኃይለ ገብርኤል ወልደተንሣኤ በኮሌጁ በር ላይ ስለምገኝ ቦታ ሲኖር ከዚሁ እንድጠራ በትሕትና አመለክታለሁ» ብዬ ጽፌ ነበር። ወደ ቢሮዎ ገባች። ደስ አለን። አብዱልሀሚድ፣ «ወላሂ ኃይሌ፣ አሁን ገና ሰው ሆንህ» አለኝ።

አራተኛ። አራተኛውን አቤቱታ ለጊዜው ተጠባባቂ አድርጌዋለሁ። ከአምስተኛው በኋላ ቦታ ከተገኘ ይጠራል።

አምስተኛ። የመስቀል በዓል ባለፈ ማግሥት፣ መስከረም አሥራ ስምንት፣ አብዱልሀሚድ መቆም በቃኝ አለ። «አንድ ሳምንት ከጨመርን የበሩ መቃን መስለናቸው ቀለም ይቀቡናል» ብሎ ሳቀና፣ ቆይ ብዬ ብለምነው እንቢ አለ፤ ደብረ ብርሃን ወዳለው ወደ አጎቱ ወደ አቶ ዓወል ሱቅ ተመለሰ። አድራሻውም ይኸው ሱቅ ነው። ሄዶ ጨርቅ እየለካ ተቀመጠ። እኔ ግን ጸናሁ። ጽናት ዋጋ አለው ብለው ያስተማሩኝን መምህራን እዚህ ላይ ሳላመሰግናቸው አላልፍም።

መስከረም ሃያ ሦስት፣ ዓርብ ጠዋት፣ አብዱልሀሚድ ከአንድ የጭነት መኪና ላይ ዘሎ ወረደና ወረቀት እያውለበለበ ወደ በሩ ሮጠ። ቴሌግራም ነው። ትናንትና ከሱቁ ተቀምጦ ሳለ መጣለት። አሥር አለቃ ኪዳነ ማርያም ወረቀቱን ገልብጠው አዩ፤ ከዚያም ያለፈውን ሳምንት ሙሉ «ዞር በል» ሲሉት ለነበረው ልጅ በሩን በሁለቱም መዝጊያ ከፈቱለት። እኔን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። «አንተስ? አንተ ከእኔ በፊት አይደለህም እንዴ?» አለኝ። «ቆይ፣ ገብቼ እጠይቅልሃለሁ» ብሎ ገባ።

አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ወጣ። ሊነግረኝ ፈርቶ መሬት መሬት ያያል። ክቡር ሆይ፣ ያመጣልኝ መልስ ይህ ነበር፤ ቁጥር አራት መስከረም አሥራ ዘጠኝ ቀን ተጠርቶ፣ በሦስት ቀን ውስጥ ስላልቀረበ ተሰርዟል።

እንግዲህ አምስተኛው ከገባ ዘንድ፣ አራተኛው ይቅረብ።

አራተኛ። መስከረም አሥራ ዘጠኝ ሰኞ ነበር። የት እንደነበርሁ ክቡርነትዎ ሳይገምቱ አይቀሩም። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ የቢሮዎ ተላላኪ አቶ ዘርአ ዳዊት፣ ሽበታም ትሑት ሰው ናቸው፣ ወረቀት በኪሳቸው አድርገው በብስክሌት ከግቢ ሲወጡ፣ ልክ ከፊቴ ሲደርሱ የብስክሌቱ ካቴና ወለቀ። «ኧረ በማርያም፣ አቻኩለውኛል!» አሉ። እኔ ዘልዬ ሄድሁ፤ ብስክሌቱን ገለበጥሁና ካቴናውን በጣቴ አስገባሁላቸው፤ እጄ እስከ አንጓዬ ግራሶ ሆነ። «እግዚአብሔር ያሰብህበት ያድርስህ፣ ልጄ» ብለው መርቀውኝ ወደ ቴሌግራም ቤት ጋለቡ።

በኪሳቸው የነበረው የእኔ ስም ነው።

ይህን በምን አወቅሁ? ዓርብ ዕለት እንደ እብድ ሆኜ በተገኘው መኪና ደብረ ብርሃን ሄድሁ። ወይዘሮ ደመቀች ከበሩ ላይ አቅፈውኝ አለቀሱ፤ ቴሌግራሙን ከዳዊታቸው ውስጥ አስቀምጠውት ነበር። ከጫፉ ላይ የተላከበት ሰዓት አለ፤ መስከረም አሥራ ዘጠኝ፣ አራት ሰዓት ተኩል። አቶ ገብረአብ ቃላቸውን አክብረው፣ ሥራቸውን ትተው፣ በእግራቸው ይዘውት መጥተው ኖሯል። ወይዘሮ ደመቀች ማንበብ አይችሉም፤ ግን ነገሩ ሲነገራቸው ከመኪና መንገዱ ወጥተው ከደብረ ሲና የሚመጣውን ሾፌር ሁሉ እያስቆሙ፣ «ከኮሌጅ በር ላይ አንድ ቀጭን ረጅም ልጅ ቆሟል፤ ተጠርተሃል በለው» ሲሉ ዋሉ። አንዱ ሾፌር እሺ ብሎ ሄደ፤ ሰንዳፋ ላይ መኪናው ተሰበረና ሁለት ቀን እዚያው ቀረ። እኒህ ሴት ስልክ የላቸውም፣ ጸሐፊ የላቸውም፣ ካርታ የላቸውም። የት እንደቆምሁ ግን ያውቁ ነበር፤ ሊያገኙኝም የደከሙ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ቅዳሜ ከቀትር በፊት ቴሌግራሙን ይዤ ከበርዎ ደረስሁ። አሥር አለቃ ኪዳነ ማርያም «ቴሌግራም አለህ?» አሉኝ፤ አለኝ አልኋቸው፤ እውነትም ደስ ብሏቸው አስገቡኝ። ያን ጊዜ ነው የቢሮዎን ውስጥ ያየሁት። ጸሐፊዎ ፋይሌን አወጡና ቀኑን ቆጠሩ፤ «ሦስቱ ቀን አልፏል። በአድራሻዎ አልተገኙም» አሉኝ። እዚህ ነበርሁ እኮ አልኋቸው። «የት እዚህ?» በመስኮቱ አሳየኋቸው። ክቡር ሆይ፣ ከመስኮትዎ ባሕር ዛፉ እስከ ሥሩ ይታያል፤ ስወጣ እርምጃዬን ቆጥሬዋለሁ፣ ከባሕር ዛፉ እስከ ቢሮዎ ግንብ ስልሳ ሁለት ነው። ጸሐፊዎ አንገታቸውን መዘዝ አድርገው አዩና፣ «በር ላይ መቆም አድራሻ አይደለም፣ ወንድሜ» አሉኝ።

ያን ሲሉኝ ዓይኔ ከተከፈተው ፋይል ላይ ወደቀ። የእኔ ማስታወሻ እዚያው ተሰክታለች! «ደርሷል» የሚል ማኅተም፣ መስከረም አሥራ አራት ቀን። ቴሌግራሙ ከመላኩ አምስት ቀን በፊት መሆኑ ነው። ጣቴን አስቀምጬ አሳየኋቸው። አልካዱም። «ይህማ ማስታወሻ ነው። አድራሻ የሚለወጠው በቅጽ ነው» አሉ። ቅጹ የት ይገኛል? «እዚህ ውስጥ።» እዚህ ለመግባትስ? «ቴሌግራም ያስፈልጋል።»

ክቡርነትዎ ከኋላ ካለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ራስዎን ቀና አላደረጉም። ለዚህም አመሰግናለሁ፤ ቀና ቢሉ ኖሮ ስሜት ውስጥ እገባ ነበር፣ ከአባቴ የተማርሁትን ጨዋነትም ባጠፋሁት። ዝርዝሩ መዘጋቱ ተነገረኝ። ለሚቀጥለው ዓመት እንደገና ማመልከት እንደምችልም ተነገረኝ። ማኅተም የመታው ሰው ማስታወሻዬን አንብቧል፤ አንብቦም ከፋይሌ ውስጥ ሰክቷል፤ ከዚያም ያው ቢሮ በሽቦ መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ርቆ ፈለገኝ። አንድ ሰው ከመስኮቱ «ቁጥር አራት!» ብሎ ቢጮህ ደርሼ ነበር። መጮኹ ቢያስነውር በእጅ መጥራት ነበር።

ከዚያ አንኮበር ወጣሁ። አባቴ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። በሦስተኛው ቀን፣ «እኔ ነኝ ያጠፋሁህ። በቤትህ ተቀመጥ ብልህ ኖሮ ተማሪ ነበርህ። እኔ የማውቀው ደጅ ሰው የሚወጣበትን ነው» አሉ። አባቴ ዕድሜያቸውን ሁሉ ሲያስተምሩ ኖረው በማንም ፊት አጠፋሁ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ክቡር ሆይ፣ እስከዚያች ሰዓት ድረስ አዝኜ ነበር፤ ከዚያች ሰዓት ወዲህ ተቆጥቻለሁ። አባቴ የነገሩኝ ትክክል ነው፤ ሰው በር ላይ የቆመ እንደሆነ ይታያል፣ ሊታይም ይገባዋል። ደጁ ነው የተበላሸው እንጂ መቆሙ አይደለም።

ከልጅነቴ ተስፋ የማድረግ ልማድ ስላለብኝ ግን ነገሩን በዚህ አልተውሁትም። አብዱልሀሚድ ገብቶ መማር ጀምሯል፤ በቦታው አልቀናም፣ ተጠርቶ በአግባቡ የገባ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም። ባለፈው ሳምንት ደብዳቤ ጻፈልኝ። በክፍላቸው ስልሳ ወንበር አለ፣ ስም መጥራት ከተጀመረ ወዲህ በየቀኑ የሚቀመጠው አምሳ ስምንት ሰው ነው። ሁለቱ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ባዶ ናቸው፤ ተቀብለናችኋል የተባሉት ልጆች ሳይመጡ ቀሩ። «አንዱ ከጎኔ ነው፣ መጽሐፌን አስቀምጥበታለሁ፣ ባስቀመጥሁ ቁጥር ያሳፍረኛል» ይላል። የኮሌጁ መመሪያ መጽሐፍ ደግሞ በምክንያት የዘገየ ተማሪ እስከ ጥቅምት ሃያ ድረስ ሊመዘገብ ይችላል ይላል፤ ገጽ አሥራ አንድ ነው፣ ክቡርነትዎ የፈረሙበት። ዛሬ ጥቅምት ዘጠኝ ነው። አሥራ አንድ ቀን አለን።

ስለዚህ የምለምነው ምሕረት አይደለም፣ ስጦታም አይደለም። ባዶው ወንበር ሰው ይቀመጥበት ነው የምለው። እኔን በገዛ ሕግዎ ጠርተውኛል፤ እኔም ከተጠራሁበት ቀን አስቀድሜ፣ በተጠራሁበትም ቀን፣ ከተጠራሁበትም ቀን በኋላ በበርዎ ላይ ነበርሁ፤ ማኅተምዎም ምስክሬ ነው። ይህን ማስተባበል የሚችሉ እንደሆነ በዚሁ ጋዜጣ ያስተባብሉኝ። ማስተባበል የማይችሉ እንደሆነ ይመዝግቡኝ። ከሁለቱ አንዱን ለማድረግ ቴሌግራም አያስፈልግም።

እናንተም በየአገሩ ያላችሁ ተጠባባቂዎች፣ በመዘዞ፣ በደብረ ሲና፣ በየትም ቴሌግራም ቤት ደጃፍ ጋቢ ተከናንባችሁ የምትጠብቁ፣ ቁጥራችሁን ጽፋችሁ ለዚህ ጋዜጣ ላኩ። ስንት እንደሆንን የሚያውቀው አንድ ቢሮ ብቻ መሆኑ ይብቃ። ቁጥር አንድ፣ ቁጥር ሁለት፣ ቁጥር ሦስት፣ በእውነት ካላችሁ ድምፃችሁን አሰሙኝ፤ ሌላ ቁጥር አራት ካለም ሳያፍር ይምጣ፣ እንተዋወቃለን። መቆም የምትችሉ ደግሞ ወደ በሩ ኑ። እስከ ዛሬ ስድስት ሆነናል።

ክቡር ሆይ፣ በመጨረሻ አድራሻዬን መለወጤን አስታውቃለሁ። ቅጹ ውስጥ እኔ ደግሞ ውጭ ስለሆንን በጋዜጣ ማድረጌን ይቅር ይበሉኝ። አዲሱ አድራሻዬ አዲስ አበባ፣ ከኮሌጁ በር በስተግራ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ነው፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት፣ እስከ ጥቅምት ሃያ ቀን ድረስ አልለወጥም። መልስዎን በቴሌግራም አይላኩልኝ። መስኮትዎን ይክፈቱና በስሜ ይጥሩኝ፤ ስሜ ኃይለ ገብርኤል ነው።

የክቡርነትዎን መስኮት እያየሁ፣ ለማኅተምዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለወንበርዎ ሙቀት፣ ለባዶዎቹ ሁለት ወንበሮች ደግሞ ባለቤት እየተመኘሁ፣ በፍጹም አክብሮት እጅ የምነሣ፣

ኃይለ ገብርኤል ወልደተንሣኤ
ቀድሞ ቁጥር አራት
ጥቅምት ፱ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ሳልጠቅሰው የቀረ፤ የአቶ ዘርአ ዳዊት ብስክሌት ካቴና አሁንም ይወልቃል፤ ትናንት ጠዋትም ከፊቴ ሲወልቅ እንደ ልማዴ አስገባሁላቸው። ወዴት እንደሚቻኮሉ ብጠይቃቸው፣ «ወደ ቴሌግራም ቤት ነዋ፣ ለአንዱ ተጠባባቂ» አሉኝ። ዝርዝሩ ተዘግቷል ብለውኝ ነበርና፣ ያ ቴሌግራም ለማን እንደተላከ ክቡርነትዎ ለአንባቢዎች ቢገልጹልን ውለታዎን አንረሳም። ከስድስታችን ለአንዱ ከሆነ ግን፣ በሚቀጥለው ጊዜ ወረቀቱን ለእኔ ይስጡኝ፤ ብስክሌት ሳልፈልግ በሁለት እርምጃ አደርሰዋለሁ።